የአርባ ደቂቃው ጎማ

ለታናሽ ወንድሜ፤

ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርምና፣ እንደምን ከረምክ? መልሱን አልጠብቅም፤ በመስኮት አይሃለሁ። ነጭ ጋዋንህን ለብሰህ በግቢው ስታልፍ፣ የእኛ ክፍል በር ላይ ስትደርስ እርምጃህን ታፈጥናለህ። እንደዚያ የሚፈጥን ሰው ጤነኛ ነው፤ ተመስገን። እኔን ከጠየቅህ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው ያመኛል፣ ሳሉ አለቀቀኝም፣ እጄም ባጠብኩት ቁጥር ያው ጥቁር ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እትዬ እያልክ በእጇ ያደግክባት ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሞላ፤ እኔ ግን እስካሁን ምሳ ስበላ ሁለት ሰሃን አወጣና አንዱን እመልሳለሁ።

ስልክ ደወልኩ፣ አላነሳህም። ላቦራቶሪ ድረስ መጣሁ፤ ረዳትህ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር ጫማህ ይታየኛል። እንግዲህ ወረቀት አያፍርም ብዬ ጻፍኩልህ። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ጽሑፍ ነውና ፊደሉ ቢወላገድ ታገሠኝ። እዚያ ላይ የቆምኩትም አንተ እንድትቀጥል ነው። ይህን ያነሳሁት ውለታ ለመቁጠር አይደለም። አይ፣ ዋሸሁ፤ ውለታ ለመቁጠር ነው። ተናድጃለሁ። እሱ ይቅር ይበለኝ፤ አንተን ግን ገና ይቅር አላልኩህም።

ሐሙስ ዕለት በአጣሪ ኮሚቴው ፊት የተናገርከውን ረስተኸው እንደሆነ ልድገምልህ። ሰብሳቢው «ለወተት ፋብሪካው የሸጣችሁት ቱቦ ለምን ፈነዳ?» ሲሉህ፣ «ቀመሩ እንከን የለበትም፤ በላቦራቶሪ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ጥፋቱ የማሽን ሠራተኞቹ ነው፤ ቅልቅሉን ሳይጨርሱ አውጥተውታል» አልክ። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጋሼ ብለህ የምትጠራው ሰው የማሽን ሠራተኛ ሆነ። ይሁን፤ ነኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ነበርኩ። ነገር ግን ጣትህን የቀሰርከው ወደ እኔ እንኳ አልነበረም። ለእኔ አዘንክልኝ መሰለኝ። የቀሰርከው ወደ ቆቅ ነው።

ቆቅን ታውቃታለህ። ከማሽኑ ወዲያ ማዶ ቆማ ከእኔ ጋር ጎማ የምታጥፈው ሴት ናት፤ ዓይኗ ስለማያንቀላፋ ነው ቆቅ ያልናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀችም። ብድግ ብላ ምን አለችህ? «የኔ ጌታ፣ የሰጠኸኝ የሥራ ካርድ አሥራ ሁለት ደቂቃ አዋህጂ ይላል፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሠራሁ። አሥራ ሦስት ብሠራ ኖሮ ሰዓት ገደልሽ ብለህ ትቀጣኝ ነበር» አለችህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ግን አልሳቅህም። «ወይዘሮዋ መጀመሪያ ሰዓት ማንበብ መቻላቸው ይጣራ» አልክ። ሳቁ ያን ጊዜ ቀጥ አለ። ቆቅ ቁጭ አለችና ጓንቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስታስተካክል ቆየች። ያችን ሴት ሰው ሲያስደነግጣት አይቼ አላውቅም፤ አንተ አሳየኸኝ።

ውሳኔው ማክሰኞ ይፈረማል። ከሥራ ትባረራለች፤ በዚያ ላይ በቸልተኝነት የሰው አካል አጎደለች ተብሎ ለፖሊስ ይጻፍባታል። ሁለቱ ልጆቿ በእሷ እጅ ነው የሚተዳደሩት። ስለዚህ ማክሰኞ ሳይደርስ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። አንተ ለኮሚቴው በማይገባቸው ቋንቋ አስረዳሃቸው፤ እኔ በሚገባኝ እጽፈዋለሁ። ከተሳሳትኩ አርመኝ፤ ሰው ማረም ትወዳለህ።

ጎማ ለብቻው ከንቱ ነገር ነው። ብትስበው ይሳባል፣ ብትቧጭረው ይቧጨራል፤ እንደ ድድ ልፍስፍስ ነው። ጉልበት የሚሰጠው ጥቁሩ ዱቄት ነው። ድሮ ለመቶ ኪሎ ጎማ አምሳ ኪሎ ካርቦን ብላክ እንጨምር ነበር። ሳንባችንም አብሮ ይወስዳል፤ ይሁን። አንተ ከትምህርት ስትመለስ ያችን ትንሽ ጣሳ ይዘህ መጣህ። «ጋሼ፣ ይሄ ናኖ ነው» አልከኝ። «ካርቦን ነው፤ ግን ክር ነው፤ እያንዳንዷ ክር ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነች። ሦስት ኪሎ ብቻ ጨምርበት፣ ከአሮጌው ግማሹን ቀንስ፤ ቱቦው ይሳሳል፣ ይጠነክራል፣ ኤሌክትሪክ እንኳ ያሳልፋል።» እኔም ሳቅሁብህ። «ጎማማ ኤሌክትሪክ እንዳይጨብጠን የምንጫማው ነው፤ ምን አስተምረው ላኩብን!» አልኩህ። አንተም ሳቅህ። ያን ቀን ወንድማማቾች ነበርን።

ከዚያ የሙከራው ቀን መጣ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁና ገዢዎቹ ሊያዩት ነው። ጠዋት ካርዱን ይዘህ መጣህና ሚስማሩ ላይ ሰቀልከው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል። ጎማውን በሚሽከረከሩት ሁለት የብረት ሮለሮች መሐል ጣልኩ፣ ዱቄትህን ነሰነስኩ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አዞርኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ በቢላዋ ቆረጥኩና የተቆረጠውን ፊት ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች ሞልተውታል።

ያ ዱቄትህ ከጎማው ይልቅ እርስ በርሱ ይዋደዳል። ሠርግ ቤት እንደ ገቡ የሩቅ ዘመዶች አንድ ጥግ ይዞ ይከማቻል እንጂ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ይህ ደግሞ መልክ ማበላሸት ብቻ አይደለም። ጎማ ሲለጠጥ ያቺ ፍሬ አትለጠጥም። እሷ ቆማ ትቀራለች፣ ጎማው ይሄዳል፣ ድንበራቸው ላይ ይላቀቃሉ፤ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያች ነጥብ ነው። ተበትኖ ጉልበት የሚሆነው ነገር ተከማችቶ ሲቀር ቁስል ይሆናል። ይህን አንተ በማጉያ መነጽር ነው የምታውቀው፤ እኔ በቢላዋ ነው የማውቀው።

የምሳ ሰዓት ነበር። ቆቅን «ሂጂ ብዪ፣ እኔ እጠርገዋለሁ» አልኳትና ሰደድኳት። ከዚያ ቀዝቃዛውን ውሃ በሮለሮቹ ሆድ ውስጥ ለቀቅሁት፤ ጎማ ሲሞቅ ይሰንፋል፣ ፍሬዎቹን ሳይሰብር ያሳልፋቸዋል። የሮለሮቹን ክፍተት እንደ ወረቀት እስኪሳሳ አጠበብኩ። አሳለፍኩ፣ ቆረጥኩ፣ ጠቀለልኩ፣ በጫፉ አዙሬ እንደገና አሳለፍኩ። ዱቄትህ እየተበተነ በሄደ ቁጥር ጎማው ከበደ፣ እንደ እልኸኛ በሬ ወደ ኋላ ይጎትተኝ ጀመር። ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ሲሞቅ አስቀምጠዋለሁ፣ ሲበርድ እመለስበታለሁ። ማሽኑ ላይ ያለውን ብቻ ብንቆጥር አርባ ደቂቃ ሆነ።

በመሐል መጣህ። ምሳህን በልተህ ጥርስህን እየጎረጎርክ በሩ ላይ ቆምክ። ማሽኑ ይጮሃል። የውሃውን መክፈቻ አየህ። ቀና ብለህ የግድግዳውን ሰዓት አየህ፤ ቀጥሎ ካርዱን። ከዚያ እጄን አየህ። አንድ ነገር ትላለህ ብዬ ጎማውን ይዤ ጠበቅሁ። «ጋሼ፣ ምሳህን ብላ እንጂ» አልክና ወጣህ። በሩን ቀስ ብለህ ነው የዘጋኸው። እኔና እትዬ ያሳደግንህ ልጅ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ በር እያላጋ ነው የኖረው።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ጥንካሬ የሚለካው መሳቢያ ማሽን ሲጎትተው ጎማው ከአሮጌው እጥፍ ያህል ጉልበት ፈጅቶ ነው የተበጠሰው። ሁለት ሽቦ ነካህበት፤ የእጅ ባትሪው አምፖል ቦግ አለ። «ክሮቹ ተነካክተው መንገድ ስለሠሩ ነው» ብለህ አስረዳህ። ሥራ አስኪያጁ በሁለት እጃቸው ቢስቡት እምቢ አላቸው፤ «ይሄ ጎማ ነው ወይስ የሽቦ ገመድ?» አሉ። ተጨበጨበልህ። በሦስተኛው ሳምንት የላቦራቶሪ ኃላፊ ሆንክ። ካርዱ ላይ ያለው ግን አሥራ ሁለት እንደሆነ ቀረ። በአርባ ደቂቃ ቢጻፍማ ኖሮ በቀን የምናወጣው ሲሶ አይሞላም ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም «እንዲህ ያለውን ቅንጦት ለሚስትህ ሥራላት» ብለው ጣሳህን ይመልሱልህ ነበር።

እኔ ለምን ዝም አልኩ? ይህን ጥያቄ ከሐሙስ ወዲህ ተንበርክኬ ስመረምረው ሰነበትኩ። ለአንተ ብዬ ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት፤ ልጁ በሰው ፊት እንዳያፍር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ልንገርህ፤ ሥራ አስኪያጁ ያንን ጎማ ሲስቡና ሲያቅታቸው፣ እኔ ጥግ ቆሜ በሆዴ «ይሄ የኔ እጅ ነው፤ ይሄ ሁሉ ዲግሪ ያለ እኔ እጅ ባዶ ነው» እያልኩ ስስቅ ነበር። የተማረ ወንድሜን እኔ ባላድነው ኖሮ የት ነበር እያልኩ። ያ ሳቅ ጣፈጠኝ፤ ላካፍለው አልፈለግሁም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «አንተ ሰው፣ ደብቀህ መስጠትህ መልካም ነው፤ ደብቀህ መኩራትህ ነው የሚያስፈራኝ» ትለኝ ነበር። እኔም «ደግሞ ስብከት ጀመርሽ» እላት ነበር። እሷ አረፈች፣ ስብከቷ አላረፈም።

ምርቱ ሲጀመር ሁለተኛ ዕድል ነበረን። በካርዱ ልክ የወጣውን ጎማ ቆረጥኩት፤ ፍሬዎቹ አሉ። ሁለት ሽቦ አበጅቼ አምፖሉን ሞከርኩ፤ ጭል እንኳ አላለም። ቁራጩን ይዤ ፎቅ ወጣሁ። ረዳቶችህ ከበውህ ነበር። «ይሄኛው አይበራም» አልኩህ። አንተም ቁራጩን ሳትነካ «ጋሼ፣ አምፖሉ ለእንግዳ ማጫወቻ ነው። እኛ የምንሸጠው ቱቦ ነው፤ መብራት ኃይል አይደለንም» አልከኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም፣ አዝናለሁ፣ አብሬ ሳቅሁ። «አርባ ደቂቃ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በእነዚያ ልጆች ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም ብዬ ዋጥኩት፤ ወርጄም ቆቅን «በካርዱ ልክ ሥሪ» አልኳት። እሷ ፍሬዎቹን አይታ «ይሄ ነገር ጤና የለውም» ብላኝ ነበር። «የተማረ ሰው የጻፈውን እኔና አንቺ አንሽረውም» ብዬ ዝም አሰኘኋት። ይህን ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ምሕረት የምለምንበት ቦታ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ።

በአራተኛው ወር ቱቦው የወተት ፋብሪካው ውስጥ ፈነዳ። ገንዳ የሚያጥበው ሰውዬ የፈላ ውሃ እየረጨበት ሳለ፣ ከመያዣው ክንድ ታህል ዝቅ ብሎ ተተረተረ። አንተ በፋብሪካችን ስም አበባ ልከሃል ተብያለሁ። እኔ ሆስፒታል ሄጄ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። ከአንገቱ እስከ ቀኝ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ «አባቴ፣ ይመልከቱኝማ፤ በቀኝ በኩል በስያለሁ፣ በግራ ገና ጥሬ ነኝ» አለኝ። ሚስቱ «ተው አንተ!» ብላ አለቀሰች። የቱቦ ፋብሪካ ሠራተኛ መሆኔን ስነግረው አልተቆጣም። «ስስና ቀላል ነበር፣ ወድጄው ነበር እኮ» ነው ያለኝ። «ከምንድን ነው የምትሠሩት?» ሲለኝ ጥቁሩን እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ጣቶቹ ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ነግረውታል፤ ያን ቀን አልቀለደም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። አንተ ኮሚቴው ፊት የፈተናውን ወረቀት ዘረጋህ፤ ፊርማህና ማህተሙ አለበት፤ ቁጥሩም እውነት ነው። ያ ወረቀት የመሰከረው ግን ስለ ሌላ ጎማ ነው። የተፈተነውና የተሸጠው ስማቸው እንጂ ሥጋቸው አንድ አይደለም። ያንን ወረቀት ይዘህ ሰዓት ማንበብ አትችልም ያልካት ሴት፣ ሰዓቱን አንብባ የጻፍከውን ያደረገች ብቸኛዋ ሰው ናት። እኔ ካርዱን ጣስኩ፤ አንተ ሞገስ አገኘህበት። እሷ ካርዱን አከበረች፤ ልትታሰርበት ነው። ይህን እያወቀ የሚተኛ ሰው ካለ አልጋውን ባየሁት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የምናውቀው ሰው መጥቶብኝ ነበር። «ወንድምዎ ናቸው፤ ዝም ቢሉ ለእርስዎም ይሻላል፤ ጡረታዎ ሦስት ዓመት ነው የቀረው» አለኝ። እውነት አንተ ነህ የላክኸው ወይስ ራሱ ነው የመጣ፣ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀውና አዎ ቢለኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሰላምታ አይኖረውም ነበር። ብቻ «ጌታዬ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ? ቀኑን ሙሉ ያስባል» ብዬ ሸኘሁት።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ላስፈራራህ መስሎህ ከሆነ ዘግይተሃል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከቆቅ ጋር አልተማከርኩም፤ ብማከር «ተው፣ ወንድምህ ነው» ትለኝ ነበር፤ እንደዚያ ያለች ጅል ናት። የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ያቺ መነጽር የምታደርገው ዝምተኛ ልጅ፣ እኔ እየተናገርኩ እሷ ጻፈች። ለሙከራ የቀረበውን ጎማ አርባ ደቂቃ የሠራሁት እኔ መሆኔን፣ ካርዱ አሥራ ሁለት እንደሚል እያወቅሁ ለማንም አለመናገሬን፣ የምርቱን ጎማ ፍሬ እያየሁ ሠራተኛዋን ዝም ማሰኘቴን አስጻፍኩ። ጡረታዬ አብሮ እንደሚሄድ አስረዳችኝ። «ልጻፈው ወይስ ልተወው?» አለችኝ፤ እጇ ቆሞ ነበር። «ጻፊው፣ ልጄ» አልኳት። ከቅጹ ግርጌ አንድ ጥያቄ ነበረ። «ይህን ሲያደርጉ ያየዎት ሌላ ሰው ነበር?» ብላ አነበበችልኝ።

ቅጹን ተቀብዬ ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኩ። ልጅቱ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

«ካለ በእግሩ ይምጣ፤ እኔ ሰው አልጠራም» አልኳት። እሷም ቀና ብላ አየችኝና መስመሩን ባዶ አድርጋ ተወችው። ኮሚቴው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። በሩ ለማንም ክፍት ነው ብላኛለች።

እንግዲህ ለስንብት ልመርቅህ፤ ታላቅ ሳይመርቅ አይለይም። እስከ ማክሰኞ እግዚአብሔር እንቅልፍ ይንሳህ። ምግብ አይጣፍጥህ፤ ጋዋንህ ይክበድህ። ከማክሰኞ በኋላ ግን፣ ያ መስመር ከሞላ፣ ሰላሙን ይመልስልህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከእኔ የተሻለ ሽማግሌ ያድርግህ። ሁለተኛውን ሰሃን አልመልሰውም፤ መጥተህ ብላበት። መስመሩ ባዶ ከቀረም እኔ አልጨምርበትም፤ ግን ቤቴ አትምጣ።

ታላቅ ወንድምህ